ወደ ታች የሚወርድ ድንጋይ

እናቴ ከእግዚአብሔር ጋር ስትዋዋል እኔን አታማክረኝም። አማክራኝ ቢሆን ኖሮ ስለ ክብደቱ አስቀድሜ እደራደርላት ነበር። ማርቆስ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ መደራደር እንጀራዬ ነው።

የተዋዋለችው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለሆድ ቀዶ ጥገና ሊያስገቧት ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አጋድመዋት፣ እኔም ነርሷም እየሰማን፣ ዓይኗን ወደ ላይ አቅንታ ተሳለች። «ጌታዬ፣ ከዚህ አልጋ በእግሬ ካስነሳኸኝ፣ የደብራችን ግድግዳ ጣራ እስኪደርስ ድረስ በየሰንበቱ ድንጋይ ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ።» ሌላው ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። የኔ እናት ድንጋይ ተሳለች። ነርሷ እንኳ ዞር ብላ አየችኝ።

እኔ በዚያች ሰዓት መሳሉም መጸለዩም አልሆነልኝም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ባሌን ከፈታሁ ቆይቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፣ አባቴም አፈር ከለበሰ ቆይቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የምሄደው ለንግሥ፣ አለዚያም ሰው ሲቀበር ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሳይ ዋልኩ። ፈርቼ ነበር።

ተረፈች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ እጇን ይዞ፣ «እማማ፣ ለአንድ ዓመት ከአንድ ጆግ ውኃ የበለጠ እንዳያነሱ። ስፌቱ ከውስጥ ከተፈታ ሁለተኛ መትረፍዎን እንጃ» አላት። «እሺ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብላ መረቀችው። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ገና ሳንቀመጥ፣ «ድንጋዩን ከመጪው እሑድ እጀምራለሁ» አለችኝ።

«እማ፣ ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?»

«ሰማሁት እንጂ። እሱ የሚያውቀው ስፌቱን ነው። የሚያበረታኝ ሌላ ነው።»

«ታዲያ የሚያበረታሽ ጧፍ አይቀበልም? የንስሐ አባታችን ይለውጡልሽ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ እሷ እስከምትኖርበት እስከ አማኑኤል ድረስ ተኛች። ገበያ ውስጥ ስከራከር ውዬ የማልረታው ደንበኛ የለም። እናቴን ግን አንድ ቀን ረትቻት አላውቅም።

ደብራችን ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። የጭቃው ቤተ ክርስቲያን ስላዘመመ በድንጋይ እየተሠራ ነበር። መኪና ዳገቱን ስለማይወጣው ድንጋዩ ከሥር ይራገፋል፤ ከዚያ ለመሳለም የሚወጣው ምእመን ሁሉ እንደ አቅሙ አንድ አንድ አንስቶ ይወጣል። በባዶ እጅ መውጣት ነውር ነው። ሰንበት ነው፣ ሥራ አይሠራም የሚል ሰው ቢገኝ የንስሐ አባታችን፣ «ይህ ሥራ አይደለም፣ በረከት ነው» ብለው አፉን ያስይዙታል። በረከቱ ወገብ ይሰብራል እንጂ ሌላ እንከን የለውም።

እናቴን በነገር እንደማልመልሳት ስላወቅኩ በሌላ መንገድ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ማርቆስ ሰፈራችን መንገድ ሊሠራ ገረጋንቲ ተደፍቶ ነበር። ከክምሩ ውስጥ አንድ ደህና ድንጋይ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ተረከዝ የምንፈገፍግበት ዓይነት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ መጠኑ ግን የወጥ ድስት ያክላል። ሳነሳው ሳቄ መጣ። በሱቄ አጠገብ ባለችው ቲማቲም ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩትና በወዲያ በኩል ውኃ የሞላ ጆግ አኖርኩ። ጆጉ በለጠ። ቤት ወስጄ ቀዳዳውን ጭቃ ለቀለቅኩት፤ ሲደርቅ ቁርጥ የአገራችን ድንጋይ መሰለ። ቅዳሜ ማታ በማዳበሪያ ጠቅልዬ አማኑኤል ይዤው ሄድኩና እሑድ ጠዋት ከዳገቱ ሥር ካለው የቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ክምር ፊት ለፊት አጋድሜ ጠበቅኳት።

«ይችን ያዢ፣ እማ።»

ድንጋዩን አየችው። እኔን አየችኝ። አማትባ ብድግ አደረገችውና በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረችው። ከዚያ ወጣች። እኔ ድንች የምታክል ጠጠር መርጬ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ እየተከተልኩ እንኳ አለከለኩ፤ እሷ እቴ።

የአማኑኤል ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ጋር አብራ ያረጀችው፣ ወሬ ሁሉ ከቤቷ የሚነሳው ሴት፣ የተሸከመችውን ከባድ ድንጋይ አውርዳ ዳገቱ መካከል ተቀምጣ ነበር። «አንች፣ ከሞት አልጋ የተነሳሽው ሴትዮ አይደለሽም?» አለቻት።

«ተመስገን፣ አቅልሎልኛል» አለች እናቴ ሳትቆም።

ቅዳሴው ሳያልቅ ነገሩ ደብሩን አዳረሰው። ሆዷ ተቀዶ የተሰፋ አሮጊት ድንጋይ ተሸክማ እንደ ኮረዳ ወጣች ተባለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የጸለይኩ መሰልኩ። ስስቅ ነበር።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ግድግዳው ጣራ እስኪደርስ ብላለች፤ ግድግዳው ገና ወገብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ደግሞ የገረጋንቲውን ክምር ሁሉ ባገላብጥ ሁለተኛ አጣሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጠበል ሊጠጣ ሲሻማ ወደ ግንበኛው በኩል ሹልክ እልና ያችኑ ድንጋይ አንስቼ፣ ነጠላዬ ሥር ሆዴ ላይ ይዤ እወርዳለሁ። ለመጪው እሑድ ከክምሩ ፊት ትጠብቃታለች። እናቴ ታወጣለች፣ እኔ አወርዳለሁ። በዚያ ዳገት ላይ ስንት ሰንበት ስንመላለስ ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጠጠር አልጨመርንለትም፤ ድንች የምታክለው ጠጠሬ ስትቀር።

አንድ እሑድ ልወርድ ስል የንስሐ አባታችን ከቅጥሩ በር ላይ ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ጎረቤታችን ከኋላቸው ራቅ ብላ፣ ምንም እንደማትሰማ ሰው ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«እሱ ይቅር የማይለው ኃጢአት የለም።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው አትፈሪኝ። ስንት ወርሽ ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ወደ ሆዴ ሲያዩ አየሁ። ለካ ያች ሴትዮ ስወጣ ቀጥ ብዬ፣ ስወርድ ሆዴ ገፍቶ እያየች በልቧ ስታሰላ ኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ገብታ ፀንሳ የምትወጣ ፈት ሴት፤ ወሬ ከዚህ በላይ ከየት ይገኛል? ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩና ድንጋዩን አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኸው አባ፣ ተገላገልኩ።»

ድንጋዩን አዩት። ቀጥሎ ፊታቸው ጠቆረ። «የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ትሰርቂያለሽ?»

ይኸኛው ከእርግዝናው ባሰ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ጋ ሲጎረጉሩ ድንጋይ ወጣ። ጎረቤታችን እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ ሐኪሙን፣ ጆጉን፣ ጭቃውን። ድንጋዩን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሲመለሱ ግን ኮስተር ብለው ነው። «ስትሳል ስለ ክብደቱ ያነሳችው ነገር አለ?»

«የለም፣ አባ። ድንጋይ ብቻ ነው ያለችው።»

«እንግዲያው እሷ ስለቷን እየፈጸመች ነው። አንች ግን ከእግዚአብሔር ቤት እያወረድሽ ነው። ከእንግዲህ ይችን ካወረድሽ፣ በሷ ፈንታ ከባድ ከባዱን ተሸክመሽ ትወጫለሽ።»

«አባ፣ እኔ እኮ አልተሳልኩም።»

«አንችማ አልተሳልሽም። የተሳለችው ወለደችሽ።»

ለጎረቤታችን «የጠረጠርሽው አይደለም» ብቻ አሏት። ያን ዕለት ምሳ የበላች አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ የኔን ኑሮ አትጠይቁኝ። ዳገቱን እውነተኛ ድንጋይ ተሸክሜ እወጣለሁ፣ የውሸቱን አቅፌ እወርዳለሁ። ሰኞ ሱቅ ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ለማውረድ እጄን ወደ መደርደሪያው ስሰድ ትከሻዬ ይጮኻል። ደንበኞቼ ምን ሆንሽ ሲሉኝ፣ ተባርኬ ነው እላለሁ። እናቴ ደግሞ ላይ በደረሰች ቁጥር ድንጋዩን አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መቅደሱ መልሳ ረጅም ሰዓት ታንሾካሹካለች። አንድ ቀን ምን እንደምትል ብጠይቃት፣ «ያቀለለልኝን አመሰግናለሁ» አለችኝ። አመስግኚኝ ልላት ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ክረምት ገባ። ግድግዳውም አደገ፤ ግንበኛው በሚቀጥለው ሳምንት ጣራ ይደርሳል አለ። የቀረን አንድ ሰንበት ብቻ ነበር። ግንበኛው ይህን ባለበት እሑድ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ እኔ ድንጋዩን ሆዴ ላይ አቅፌ እግሬን ሳላይ እወርዳለሁ። አዳለጠኝ። ስወድቅ ድንጋዩ ከነጠላዬ ሥር አፈትልኮ እየነጠረ ገደሉ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቴም እዚያው ዞረ።

ከፊት ከሴቶቹ ጋር ትወርድ የነበረችው እናቴ ተመለሰች። «እኔን ይድፋኝ። ምንድን ነው የተንከባለለው?»

«ድንጋይ ነዋ። ዳገት ላይ ሌላ ምን ይንከባለላል?»

ወደ ገደሉ አየችና ጎንበስ ብላ እግሬን ዳሰሰች።

ሳምንቱን እዚያው እሷ ጋ ተኛሁ። ወጌሻው እግሬን ሲያሸኝ የምጮኸው በሕመሙ ይመስለዋል። እኔ የማስበው እሑድን ነው። ማርቆስ ደውዬ የባጃጅ ሹፌር ወደ ገረጋንቲው ክምር ላክሁ፤ ክምሩ ተበትኖ፣ በሮለር ተድጦ መንገድ ሆኗል አለኝ። ቅዳሜ ዕለት እናቴን ለመንኳት። «ክረምቱ ይለፍ። አንድ ሰንበት ምን አላት?»

«አንድ ስለቀረችማ ነው» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት በዱላ እያነከስኩ ተከተልኳት። ከክምሩ ዘንድ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ ባለ ስለቷ ዛሬ ትጨርሳለች ተብሎ ተወርቷል። ጎረቤታችን ከፊት ቆማ አንድ የተጠረበ፣ ሁለት ወንድ የሚያነሳው የማዕዘን ድንጋይ በእጇ እየዳሰሰች ነው። «ለመጨረሻሽ ብዬ ይሄን መርጬልሻለሁ። ኃይል ለሰጠሽ ጌታ የሚገባው ይሄ ነው» አለቻት፣ በቅን ልቧ።

ስፌቱ ታየኝ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ታየኝ። እናቴ ከሰው ፊት አላፍርም ብላ የምታጎነብስ መሰለኝ። ውሸት ነው፣ ቀላል ድንጋይ ነበር፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እናቴ እጇን ወደኔ ዘርግታ ዝም አሰኘችኝ። የማዕዘኑን ድንጋይ በአክብሮት ዞረችውና ከክምሩ ጠርዝ አንድ ድንች የምታክል ጠጠር አነሳች። የኔን የድሮዋን ጠጠር መጠን። አማትባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

«ምነው እህቴ» አለች ጎረቤታችን ደንግጣ፣ «ጌታ ዛሬ ኃይሉን ነሳሽ?»

«አልነሳኝም። የሰጠኝ ኃይል ዛሬ እግሩ ወልቆ ነው» አለች እናቴ፣ በአገጯ ወደኔ እየጠቆመች። ከዚያ ብብቴ ሥር ገብታ ዳገቱን ጀመረች።

ከሰው ራቅ አልን። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው ቀን። የተረከዝ ድንጋይ ጠፍቶኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ኃይል ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። የሰጠኝን አይቼ፣ ይሄማ ተንኮለኛ ነው ብዬ ልመልስለት?»

«ሰዉ እኮ ተአምር ነው እያለ ነው፣ እማ።»

ቆማ አየችኝ። «አንች በየሰንበቱ ከማርቆስ ተነስተሽ ማስቀደስሽ ተአምር አይደለም?»

እግሬ ያመኛል፣ ዓይኔ ደግሞ ያለ ፈቃዴ ውኃ ሞላ። ክብደቴን ሰብሰብ ለማድረግ ብሞክር፣ «ዝም ብለሽ ተደገፊ» ብላ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ ከጆግ በላይ አታንሺ ብሎሻል አልኳት። እሱ ስለ ውኃ ነው ያወራው አለችኝ።

የንስሐ አባታችን ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ጠጠሯን ከእናቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀጥለው ባዶ እጄን አዩ። «የአንችስ?» አሉኝ።

እኔ ስለ እግሬ ልነግራቸው ስጀምር እናቴ ቀደመችኝ።

«ይችን ተሸክሜ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ አባ። ስለቴ ላይ ይቁጠሩልኝ።»

አባ መስቀላቸውን አውጥተው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አሳለሙን።