ከካቺሲ በታች ያለው ቀለማም ገደል

ከካቺሲ በታች ያለውን ገደል ያየ ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ግን ስለ ውበቱ አውሪልን ስትሉኝ ደሜ ይፈላል። እኛ እዚያ የወረድነው ለሽርሽር አልነበረም።

ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ጣጣ የመጣበት ዘመን ነው። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አምቦ፣ እናታችን ቤት ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዙር ስሙ እንደሚጠራ ቀበሌ የሚሠራ ዘመዳችን ሹክ አለን። ከሰፈራችን ቀድመው የተወሰዱት ልጆች ወሬያቸው ጠፍቷል፤ እናቴም እህል አልቀምስ አለች። ስለዚህ መከርን፦ ወንድሜ ገደሉን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም አጎታችን ዘንድ ይገባል። በጋ ስለሆነ ወንዙ ጎድሏል። የሚያሻግረውም ሰው ተገኝቷል፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ቀዩ ድንጋይ ጋ ይጠብቃል።

ሰበቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ያኔ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ፔዳጎጂካል ማዕከል አቋቁሙ፣ መርጃ መሣሪያ ከአካባቢያችሁ አዘጋጁ ይባላል። የአሸዋ ድንጋይ ናሙና ላመጣ ነው ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ዳይሬክተሩ ደስ አለው። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ነበር የሚነዳው፤ እሱም አስፈቀደ። ወንድሜ ድንጋይ ተሸካሚ ተባለ።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጊንጪ ላይ ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ሰሜን ስንታጠፍ አቧራው ዋጠን። ባለቤቴ ሲጨንቀው ያፏጫል። ያን ቀን አፉን አላሳረፈም።

«ኧረ በናትህ፣ ጆሮዬን በላኸው!» ስለው ትንሽ ይተውና ይቀጥላል። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ ይስቅብናል።

ከካቺሲ ወጣ እንዳልን መንገዱ ላይ የኬላ ገመድ ተወጥሯል። ጠብመንጃ ያነገተ፣ ጢሙ የሸበተ ታጣቂ ከመንገድ ዳር ካለ ዳስ ወጣ።

«አካም ጂርቱ?» ብሎ ደህንነታችንን ጠየቀ። የፈቃዱን ማኅተም አየ፤ መዶሻውንና ጆንያውን አየ። ገመዱን ሊፈታ ካለ በኋላ ምን እንደሸተተው እንጃ፣ ተመልሶ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ትልቅ ጣሳ ጎትቶ ከፈተ።

ክው አልኩ። ጭኮ ነው! እናቴ ገብሱን ቆልታ አስፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ፣ ጣሳ ሙሉ ጠቅጥቃ ከእኛ ተደብቃ አስገብታለታለች። እኛ አገር ልጅ ሩቅ ሲሄድ ጭኮ ሳይያዝለት አይወጣም፤ ወር ቢቀመጥ የማይበላሽ የዘማች ስንቅ ነው። ለአንድ ቀን መንገድ ግን ማንም ጭኮ አይዝም። ይህን እንደዚህ ታጣቂ ያለ የዚሁ አገር፣ የጊንደበረት ገበሬ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

«ቲቸር፣ ድንጋይ ጭኮ ይበላል እንዴ?» አለኝ።

«አራስ እህት አለችኝ፤ ለእሷ ነው» አልኩ አፌ እንዳመጣልኝ።

«እሰይ! ቤቷ የት ነው?»

እኔ፣ ምላሴን ሰፈር ሁሉ የሚፈራው ሴትዮ፣ ያየውን የፈቃድ ወረቀት መልሼ ዘረጋሁለት።

ሰውዬው ወንድሜን ትክ ብሎ አየው። ከጭኮው ቆንጠር አድርጎ ቀመሰ፤ ጣሳውን ከድኖ ቦታው መለሰ። ከዚያ በጣቱ እያመለከተ ቆጠረን። «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ። ሦስት ናችሁ። ስትመለሱ እዚሁ ነኝ፤ ሦስታችሁንም አያለሁ። ኦቦኮ፣ አንተ ሾፌሩ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ባለቤቴ። ከዚያ በኋላ አላፏጨም።

መኪናው የማያልፍበት ደርሰን በእግር ወረድን። ገደሉ ከላይ ጥቁር ነው፤ ዝቅ ሲል ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ በርበሬ የቀላ። ነፋስ የቦረቦረው ዓምድ አለ፤ ሐምራዊ መስመር የተጋደመበት ግድግዳ አለ። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ሣር የሚባል የለም። ቀና ባልኩ ቁጥር ከአፋፉ ላይ ሰው የሚያየን እየመሰለኝ ላብ አጠመቀኝ።

አሻጋሪው ቀዩ ድንጋይ ሥር ተቀምጧል። ወንድሜ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ አልሄድም» አለ።

«ምን?»

«እትዬ፣ ሰውዬው ቆጥሮናል። እናንተ ታስራችሁ ልጆቻችሁን ማን ያሳድጋል?»

«ሂድ ብያለሁ! ገደል ገባ እለዋለሁ።»

«ሬሳውን አምጪ ሲልሽስ?»

ባለቤቴም «አንተ ሂድ፣ የመጣው ይምጣ» አለው። ለመንነው፤ ተቆጣነው፤ እኔማ ደረቱን ገፋሁት። ግትር ነው፣ እንደኔው። አሻጋሪው ፀሐይዋን አየና ጨርቁን አራግፎ ብቻውን ወረደ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አነሣ፤ ከቀዩም ከቢጫውም እየፈለጠ ጆንያውን ይሞላ ጀመር። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ወደ ኬላው ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ዳሱ ባዶ ነው። ባለቤቴ ጡሩንባ ቢነፋ ማንም አልወጣም። እንጨት ተሸክማ የምታልፍ ሴት አስቁመን ጠየቅናት።

«እሱማ እናንተ እንዳለፋችሁ ነው ወደ ቤቱ የሄደ፤ ዛሬ አይመለስም» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። «እንግዲህ ማን ይቁጠረን?» አለ። እኔ ከመኪናው ወርጄ ባዶውን ዳስ ስሰድብ፣ ስራገም ባለቤቴ ጎትቶ አስገባኝ። አሻጋሪው ታች ወንዙ ጋ ደርሷል። ሌላ ቀን እንሞክራለን ተባባልን።

ሌላ ቀን አልነበረም። በሳምንቱ ወንድሜን ከቀበሌ ስብሰባ ላይ አፍሰው ወሰዱት። እሱም አልተመለሰ፣ መርዶውም አልመጣ።

ከወራት በኋላ እናቴ የኬላውን ነገር እንደገና አስወራችኝ።

«ሰውዬው አውቆ ቢሆንስ የሄደው?» አለችኝ። «እናንተን የሚይዝ እንዳይኖር፣ ልጄ ያምልጥ ብሎ ቢሆንስ?»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ ተይኝ» አልኳት።