አባዬ «ተማም» ማለቱን ያቆመበት ፈተና

አባዬ ፈተናውን አለፈ! ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ አለፍኩ» አለኝ፤ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ጩኸቴን ስለቀው እማዬ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

አባዬ አገር ቤት ምህንድስና ተምሮ፣ እዚህ ሪያድ የአንድ ግንባታ ድርጅት መጋዘን ጠባቂ ነበር። መጋዘኑ ሊዘጋ ሲል ሙዲሩ፣ አለቃው ማለቴ ነው፣ «የፕሮጀክት አስተዳደር ሰርተፊኬት ካመጣህ ዕቅድ ክፍል እወስድሃለሁ» አለው። ካላመጣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። ያኔ እኔም ትምህርቴን ሳልጨርስ ወደ አገር ቤት ነው።

መጀመሪያ ሲፈተን ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጥያቄ የማነብለት እኔ ሆንኩ። የሰፈራችን የጉበይራ አቧራ መስኮቱን ወርቅማ ያደርገዋል፤ አሮጌው ኤሲ ያንጎራጉራል፤ እኔ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆኜ አነባለሁ። ያላለቁ ፎቆች ጣሪያችን ላይ ቀስ እያሉ ሲያድጉ ይታየኛል።

«ሲሚንቶው አንድ ሳምንት ሊዘገይ ነው። ምን ታደርጋለህ?»

«ማንም ሳይሰማ ከሌላ ቦታ አመጣለሁ።»

«ተሳስተሃል። ለሚመለከተው አሳውቃለሁ ነው መልሱ።»

«ለሙዲሩ? ሄጄ ችግር አለ ልበለው? ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ በማግስቱ ኤርፖርት ነኛ!»

«ተዪው ባክሽ» አለች እማዬ ከወዲያ፣ «የቤት ቁልፍ ጥሎ እንኳ ሦስት ቀን የደበቀኝ ሰው ነው።»

ያን ቀን ገባኝ። ስሌቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚስተው ችግር መናገር ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ያለ አበሻ አለቃው «እንዴት ነው ሥራው?» ሲለው የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «ተማም»። ቤቱ እየፈረሰም ቢሆን ሁሉ ሰላም። ስለዚህ አባዬ ችግር የሚደብቅ መልስ በመረጠ ቁጥር «ተማም!» እያልኩ አበሽቀው ጀመር። እሱም እየሳቀ ያርማል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ለግንባታው የታዘዘው ብረት እንደሚዘገይ አስቀድሞ ለሙዲሩ ነግሮታል። ሙዲሩም ወንበር ሳበለት። «ወንበር እኮ ነው፣ ለእኔ!» አለን፤ ደመና ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ዛሬ ደግሞ አለፈ። ከእሁድ ጀምሮ ዕቅድ ክፍል ይገባል፣ እኔም ትምህርቴን እዚሁ እጨርሳለሁ። ወረቀቱ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ፣ አባቴን ከሚያውቀው ሥራ ጋር አገናኝቶታል እላለሁ። አፉንም ፈቶለታል።

አባዬ አንድ መልእክት ልኮኛል። ዲግሪያችሁን ሻንጣ ውስጥ ዘግታችሁ የጉልበት ሥራ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቤታችን አብረን እናጥና ብሏል። ጥያቄ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ያላ፣ ኑ!