ብቻዋን የቆመችው ዘንግ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሜሮን የኮሌጅ የቤት ሥራዋን ይዛ ቤቴ መጣች። ከተሰጣት የቁጥር ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ መርጣ፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሂስቶግራም ሠራች፤ ቁጥሮቹ በየመጠናቸው ተሰብስበው፣ ብዙው ረጅም፣ ጥቂቱ አጭር ዘንግ ሆነው ተደረደሩ። «አጎቴ፣ ይቺን ራቅ ብላ የቆመችውን ላጥፋት?» አለችኝ። ሻዬን አስቀመጥኩ።

እንዲህ ያለች ዘንግ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነበር። አባቴ ጎሚስታ ነበር፤ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት አጠገብ ጎማ እየለጠፈ ነው ያሳደገን። እኔ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ስለ ደም ግፊት በሚያጠና ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ የጤና ጣቢያ ካርዶችን ወደ ኮምፒውተር አስገባ ነበር።

ሐምሌ ላይ አባቴ ጎማ እየፈታ ሳለ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ንፍሮ ሲዞር፣ እኔ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ መንገዱን ስለለመደው ይመስለኛል።

ኃላፊያችን ሲስተር አልማዝ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ነርስ ነበሩ። «አንተ ልጅ፣ ቤት ብትቆይ ምናለ?» አሉኝ።

«ሥራ ይሻለኛል።»

ለሪፖርቱ ከየዓምዱ ሂስቶግራም እንዳወጣ ሰጡኝ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ከዚያ ደም ግፊት። በግፊቱ ላይ ሰዉ ሁሉ በግራ በኩል ተከምሮ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ አንዲት አጭር ዘንግ ብቻዋን ቆማለች። አንድ ሰው ማለት ናት።

ሲስተር ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ሲጻፍ የተሳሳተ ነው። እንዲህ ሆኖ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። አውጣው።»

ረድፉን ፈልጌ አገኘሁት። ስም የለውም፤ የካርድ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን አወቅሁት። ሚያዝያ ላይ ያንን ካርድ ይዤ ወረፋ የጠበቅኩት እኔ ነበርኩ። ነርሷ ደጋግማ ለክታ «ነገ ጠዋት እንዳትቀሩ» ብላን ነበር። በማግስቱ አባቴ «ሰው ጎማውን ትቶብኝ ሄዷል፤ ሌላ ቀን እንሄዳለን» አለ። እኔም አልገፋሁትም።

«እሺ» አልኩና አጠፋሁት። ሥዕሉ አማረ። የቀሩት ዘንጎች ባዶውን ቦታ ይዘው ሰፋ ሰፋ አሉ። ዳቦዬን በላሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ሲመለሱ ያንኑ ሥዕል እያየሁ አገኙኝ። «አልጨረስክም እንዴ?»

«ስህተት አይደለም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አባቴ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «መልሰው» አሉ። «ከዚያ ግፊታቸው ከፍ ያለውን ሁሉ ካርድ አውጣልኝ። ተመለሱ ተብለው የቀሩት እነማን እንደሆኑ እንይ።»

በዚያው ሳምንት የጤና ሠራተኞች የቀሩትን ሰዎች በር እየዞሩ አንኳኩ። አንድ የበግ ነጋዴ «እኔ መቼ አመመኝ አልኳችሁ?» እያሉ ተቆጥተው መጡ፤ መድኃኒት ተጽፎላቸው ሄዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀጣዩን ካርድ አነሳሁ።

ሜሮንን «አታጥፊያት፤ መጀመሪያ ማን እንደሆነች እይ» አልኳት። ዛሬ እኔም በየሦስት ወሩ እለካለሁ፤ ክኒኔን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ። ያን ጊዜ ያላለቀስኩት ደንግጬ እንደሆነ ዘመዶቼ ይነግሩኛል። ይሆናል። ያቺን «እሺ» ግን ለሲስተር ብዬ እንዳላልኳት አውቃለሁ። ቁጥሩ ከጠፋ፣ ጤና ጣቢያ ያልተመለስንበት ጠዋትም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነው።