ኮርኒሱ ላይ የነበረችው ዝንብ

እርጥብ ምንጣፍ በሸተተኝ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል። እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ገና አንድ ሁለት በነበሩበት ጊዜ ነው። ልጄን ለትምህርት ቤት ልቀሰቅስ ስገባ ነቅታለች። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ፣ ጣቷን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች ቁጥር ታነበንባለች። ብጠራት አልሰማችኝም።

አገር ቤት አንድ የቆሎ ተማሪ አውቅ ነበር። ትምህርት ይገልጥልሃል ብለው አብሾ የሚሉትን ቅጠል በጥብጠው አጠጡት፤ ከዚያ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ኖረ። ልጄ ደግሞ በዚያ ሰሞን በሂሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። ሌላ ምን ላስብ? እኔ እንደሆንኩ ከፊደል አላለፍኩም።

ብርድ ልብሷን ገፍፌ አፏን አሸተትኩ። ከዚያ የጠበሉን ጀሪካን አንስቼ ገለበጥኩባት። ጩኸቴን ሰምተው እትዬ የምላት የወሎዋ ጎረቤቴና ታክሲ ነጂው ባሏ ሮጠው ገቡ።

«ልጄን አብሾ አጠጡብኝ» አልኳቸው።

«እዚህ አገር ውሃ እንኳ ማን ያጠጣል፣ አንቺ ሴት» አለች እትዬ።

ልጄ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ተነስታ ተቀመጠች። «ማሚ፣ ዝንቧን ነው የማየው። ሆምወርክ ነው፣ ኦኬ?»

ሁላችንም ቀና አልን። እውነትም ዝንብ አለች።

እያለቀሰች ነገረችን። ድሮ አንድ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ነበር፣ የሂሳብም ሰው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታ አያቱ አሳደገችው። አቅመ ደካማ ስለነበር የትምህርት ቤቱ አለቃ ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ እንዲያስብ ፈቀደለት። ኮርኒስ ላይ የምትሄድ ዝንብ አይቶ ያለችበትን ቦታ በሁለት ቁጥር መናገር እንደሚቻል የገባው እንዲህ ተኝቶ ነው ይባላል። አስተማሪዋ «እናንተም ሞክሩት» ብሏቸዋል።

«መጨረሻውስ?» አለ ባልየው።

«አንዲት ንግሥት በክረምት፣ ገና ሳይነጋ እየመጣህ አስተምረኝ አለችው። ብርዱ ገደለው።»

«ንግሥቲቱማ ይቺውልህ» ብላ እትዬ እኔን አሳየችው። ባሏ ሳቁን አፍኖ ወጣ። ልጄ አልሳቀችም፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ያኔ ነው ያፈርኩት። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ዛሬ ልጄ ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ይህን ታውራላቸው እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እፈራለሁ።

ያን ጠዋት ግን በደረቅ ጋቢ ጠቅልዬ ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የለም። ዓይኗም እኔኑ ያያል።

«የፈላስፋው እናት ብትኖር ኖሮ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ጠዋት አልጋ ላይ መቼ ታስተኛው ነበር?»

ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተጋደምኩ፣ እኔም ኮርኒሱን አየሁ። ልጄ ደህና ነበረች።