ከአራተኛ ፎቅ እስከ ክሬኑ ጋቢና

ሰፈሩ የሚጠራቸው «ጋሼ ቀጥ በል» እያለ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤታቸው የገባውን ሁሉ «ቀጥ በል! አገጭህን ዝቅ! ዓይንህን ከእጄ እንዳትነቅል!» ሲሉ ኖረው ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው ከፍ ያደርጋሉ፤ ተነሺው ሌንሱን ትቶ መዳፋቸውን ያያል፤ ቀጭ! አለቀ። አንዲት ፀጉር ዝንፍ ያለችበትን ፎቶ ደንበኛው ፊት ቀደው ይጥሉ ነበር። ኩራት ካላችሁ እንዲህ ነው እንግዲህ።

አንድያ ልጃቸው ትንሽ እያለች መብራቱን የሚሞክሩት እሷን በርጩማ ላይ አቁመው ነበር። አባት መዳፋቸውን ሲያነሱ እሷም የሷን ታነሳለች። «እጅሽን አውርጂ!» ይላሉ። ትስቃለች እንጂ አታወርድም። ያም ፎቶ ይቀደዳል። ስንቱ ተቀደደ መሰላችሁ!

የዛሬን አያድርገውና ያኔ ጉልበቱም ዓይኑም ነበራቸው። አሁን ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ከርሟል፤ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል፣ ካሜራዎቹም ተሸጠዋል። እሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስር ወንበራቸውን አስጠግተው ይውላሉ። ከመስኮቱ ባሻገር፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ሩቅ፣ አንድ ቢጫ ክሬን ቆሟል። ክሬኑ አናት ላይ ባለችው ጋቢና ውስጥ ደግሞ ያቺው ልጃቸው ተቀምጣ ብረት ታነሳለች።

ሥራውን ስትይዝ ቤቱ ተናውጦ ነበር። «ሰማይ ላይ ተሰቅለሽ ልትውይ? ምነው፣ መሬቱ ጠበበሽ?» ብለው ጮኹ። ልጅቱ ግን የማን ልጅ ሆና ትመለስ! ሄደች። የመጀመሪያው ቀን ማታ ፊቷ አመድ መስሎ ስትገባ ግን አጠገባቸው አስቀመጧት። «አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም» አሏት። «እኔ በመስኮት አይሻለሁ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት። ከዚያ መስኮት ክሬኑ ራሱ የክብሪት እንጨት ነው የሚያክለው፤ ጋቢናዋ ነጥብ ናት፣ እሷንም በጥርጣሬ ነው የሚያዩዋት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ «ዛሬም አየሁሽ፣ ጎበዝ» ይላሉ፤ ልጅቱም ጫማዋን እያወለቀች «እሺ አባዬ» ትላለች።

አንድ ሰኞ ማታ ልጅቱ «ሕንፃው አለቀ፤ ቅዳሜ ክሬኑ ይፈታል» አለች። «ቀጣዩ ሥራ ሌላ ከተማ ነው። እሁድ እሄዳለሁ።»

ጋሼ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ጠዋት ለባለቤታቸው «ሳላያት ልትሄድብኝ ነው» አሏቸው።

«ማታ ማታ የምታየው ማንን ነው ታዲያ?»

«እዚህማ አየኋት! ያላየኋት እዚያ ነው እንጂ፤ ስትሠራ። አንዴ እንኳ ውሸቴን እውነት ላድርገው።»

ባለቤታቸው ስልኩን አቀበሏቸው፤ ደወሉ። የድሮ ካሜራዎቻቸውን የገዛቸው ነጋዴ በዚያው ቀን ሁለት ካሜራ በቦርሳ ይዞ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። አንዷ ያገለገለች፣ ትልቅ፣ ባለሞገስ፤ ሌላዋ ፕላስቲክ የሆነች፣ ሩቁን አቅርባ የምታሳይ ባለረጅም ዙም።

«እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ» አለ። «ይቺ ትንሿ ርካሽ ናት፤ ግን እዚሁ ተቀምጠው የክሬኑን ብሎን ይቆጥሩባታል። ቀላል ናት። ሌንስ ልቀይር ማለት የለም። የእጅ መንቀጥቀጥም በመጠኑ ትችላለች።»

«ጉዷንስ?»

«ጉዷማ መች ያልቃል! ብርሃን የምትቀበልበት ሴንሰሯ የጥፍር ያህል ናት፤ ብርሃን ካነሰ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ትጨልማለች። አጥርታ እስክታይ ደግሞ ታንቀላፋለች።»

ጋሼ ትልቋን አንስተው ታቀፏት። ክብደቷ ስንቱን አስታወሳቸው። በመስኮቱ አነጣጠሩባት፤ ክሬኑ ያው የክብሪት እንጨት ነው። እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሌንስ ይገዛላት ቢባል ቤቱን መሸጥ ነው። ቢሆንም አላስቀመጧትም። «የሰው ፊት የምታወጣው እንዲህ ያለችው ናት!» አሉ።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። «ልጅህን ነው ጥራቱን ነው የምትፈልገው?»

ጋሼ ትልቋን ቀስ ብለው መለሱ። «በል ትንሿን ተውልኝ» አሉ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል።»

ረቡዕ ደመና ሆነ፤ የወጣው ነገር ሁሉ አሸዋ ነው። ሐሙስ ወደ እኩለ ቀን ሞከሩ፤ ሙቀቱ አየሩን እያንተከተከ ክሬኑን እንደ ጨርቅ አወዛወዘባቸው። በዚያ ላይ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ እጃቸው ቅንጣት ከተነቃነቀ ክሬኑ ከነሕንፃው ይጠፋል። «ይቺን መጫወቻ!» ብለው ሊወረውሯት ምንም አልቀራቸው።

የቀረችው ዓርብ ብቻ ናት። ረፋድ አራት ሰዓት ሲቃረብ ፀሐይ ከኋላቸው ነበረች፣ አየሩም ገና አልሞቀም። ባለቤታቸው የሩዝ ከረጢት አምጥተው መስኮቱ ደፍ ላይ አጋደሙላቸው። ጋሼ ካሜራዋን ከረጢቱ ላይ አስተኟት። ጣታቸው እንዳያናውጣት ብለው ቁልፉን ከተጫኑ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ እንድታነሳ አደረጓት። ከዚያ ዙሙን ገፉ፣ ገፉ።

ቢጫ ብረት መጣ። መሰላል መጣ። መስታወት መጣ። ከመስታወቱ ኋላ አንዲት ሴት ሻይ ትጠጣለች።

«መጣችልኝ!» አሉ በሹክሹክታ፣ የምትሰማቸው ይመስል።

ልጅቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ፊቷን ወደ ቤታቸው መለሰች። ግራ መዳፏን ዘርግታ ከፍ አደረገችና ያዘችው።

«እጅሽን አው...» አሉ ጋሼ በልማድ። ጣታቸው ቁልፉን ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ቀጭ።

ማታ ስትገባ ካሜራዋን እንዳለች ሰጧት። ፎቶው ሻካራ ነው፣ ጠርዙ ደብዝዟል፤ ድሮ ቢሆን ይቀደድ ነበር። ልጅቱ ብዙ አየችው።

«ዋሽቼሻለሁ ልጄ» አሉ። «እስከ ዛሬ አንድም ቀን አይቼሽ አላውቅም።»

«አውቃለሁ እኮ አባዬ። እኔም ከዚያ ሆኜ ቤታችንን የምለየው ጣሪያው ላይ ባለው ሰማያዊ የውሃ ታንከር ነው። መስኮቱ እንኳ አይታየኝም።»

«ታዲያ እጅሽን ዛሬ ለምን አነሳሽ?»

«ዛሬ ብቻ መች ሆነ! ሁልጊዜ ሻይ ሰዓት ላይ አነሳለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? እንደማላይሽ እያወቅሽ?»

«ምናልባት አንድ ቀን ካየኸኝ ብዬ ነዋ።»

ጋሼ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ። ልጅቱም ወንበራቸው ስር ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቀፈች።

እሁድ ሄደች። ሰኞ ረፋድ ባለቤታቸው የሩዙን ከረጢት ከመስኮቱ አንስተው ወደ ጓዳ መለሱት። ጋሼ ክሬኑ ከነበረበት ባዶ ሰማይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ሲሞላ ግራ መዳፋቸውን ዘርግተው ከፍ አደረጉ።