የአያ ደሴ የመጨረሻ ሰንጠረዥ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና "እማማ፣ ነይ ቼዝ ላስተምርሽ" አለችኝ። እኔን! ደስ ይበላት ብዬ ተቀመጥኩላት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ንግሥት ዓይን አውጣ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር ትጋልባለች። በእኛ ሰንጠረዥ በንግሥት ቦታ የምትቆመው ፈርዝ ብትራመድ አንዲት እርምጃ ናት። ብዙም ሳንቆይ ማሽኑ ንጉሤን ጥግ ላይ በግንብ ያዘውና ለራሱ ርችት ተኮሰ። "ምን ያስፈነድቀዋል? በደር መያዝ ደግሞ ወግ ነው?" ስል ልጅቷ በሳቅ ወደቀች።

ደር የምንላት ያችን ግንብ ነው፤ ቀጥ ብላ እንዳሻት የምትሄደዋን። የድሮ ሰንጠረዥ አዋቂዎች በደር ንጉሥ መያዝን የጉልበተኛ ሥራ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ያዘ የሚባለው በመደቅ፣ ከሁሉ በምታንሰው እግረኛ የያዘ ነው። ይህን ያስተማሩኝ የእናቴ አባት፣ አያ ደሴ ናቸው።

የአያ ቤት ኮሶዬ ነበር፤ ከደባርቅ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። በሰንጠረዥ የሚችላቸው አልነበረም። አብረዋቸው የሚጫወቱት ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልቁባቸው ጊዜ፣ ጎንደር ከምማርበት ለእረፍት ስወጣ እኔን ማስተማር ጀመሩ። ሴት ልጅ ሰንጠረዥ ስትጫወት ምን ይባላል የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም። አያ ግን እናንተ አልቻላችሁም፣ እሷ ቻለች፣ ምን ላድርግ እያሉ ያሳፍሯቸው ነበር።

ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ያኔ ነው። ክረምት ላይ አንድ ቀን በጉም ውስጥ መንገድ ጠፋቸውና ጎረቤት ሲያገኛቸው ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ወደ ባዶው ተንጠልጥሎ። ከጎንደር በታች ቆላው፣ ኮላ ድባ ያገባችው እናቴ ይህን ስትሰማ እህል አልበላ አላት። ጥቅምት ሲጠባ ካልወሰድኳቸው ብላ እኔን ከጎንደር አስከትላ ወጣች። አያ እምቢ አሉ። ወባ ልታስበላኝ ነው ወይ አሏት። አለቀሰች፣ ሽማግሌ ላከች፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጭቅጭቁ ሲመራቸው "በቃ፣ ልጅሽ በሰንጠረዥ ከያዘችኝ እወርዳለሁ፤ ካልያዘችኝ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ" አሉ። አሸንፌያቸው አላውቅም፤ ለዚህ ነው የደፈሩት። እናቴ ግን እጄን ይዛ አደራሽን አለችኝ።

ውርጩ ቀልጦ ፀሐይ ደጁ ላይ ስትወጣ ተቀመጥን። ትኩስ የተጠበሰ ድንች ከነአዋዜው፣ የገብስ ጠላ ቀረበ። አያ በጥቁር ክር የተሰመረችውን የሰንጠረዡን ቀይ ጨርቅ ዘረጉ። የእሳቸው ዕቃ ከወይራ፣ የእኔ ከቀንድ የተሠራ ስለነበር በጣታቸው ዳስሰው ይለዩታል።

ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለውም። ወረራ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በየፊናቸው ያሰልፋሉ። የአያ እጅ እንደ ድሮው አልፈጠነም። እኔም ሳይታወቀኝ ቀስ ማለት ጀመርኩ።

"ምነው ትጎተቻለሽ? ልታዝኚልኝ ከሆነ ተነሺ" አሉኝ።

አፍሬ ፈጠንኩ። ወዲያው ፈረሳቸው በግራ በኩል አንድ መደቄን በላና ወረራው አበቃ፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። ፈረሱን በሌላ መደቅ በላሁት። እሳቸው በደራቸው ፈርዜን በሉ። እኔ ደሬን በተከፈተው ዳር ይዤ ወጣሁና ከንጉሣቸው ፊት ያለውን መስመር ዘጋሁት፤ ንጉሡ መጨረሻው መስመር ላይ ታጥሮ ቀረ። አያ ግድ አላላቸውም። ደራቸውን እኔ ሰፈር አውርደው ዕቃዬን እንደ ሽምብራ ይለቅሙት ጀመር። ያኔ ፈረሴን አስገብቼ "ንጉሥዎን" አልኩ። በአንድ ጎን የራሳቸው ዕቃ ቆሞበታል፤ ወደ ጥጉ ሸሹ።

አለቀ። ደሬን ከንጉሡ አፍንጫ ሥር ባሳርፋት ፈረሴ ይጠብቃታል፣ ንጉሡም መሄጃ የለውም። እጄን ደሯ ላይ አሳረፍኩ። አያ አውቀውታል፤ ጨዋታው ሁሉ በጭንቅላታቸው ነበር። አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ። እንደ ምርኮኛ ተነድተው ቆላ ሲወርዱ ታየኝና አንጀቴ አልችል አለ።

ደሯን ተውኳት። ከፈረሴ ኋላ የነበረችውን መደቅ አንድ እርምጃ ገፋሁ። አንድ እርምጃ ደግሞ ብትጨምር ንጉሡን የምትይዘው እሷ ናት። ነገር ግን ፈረሴን ስትጠብቅ የነበረችውም እሷ ነበረች። አሁን ፈረሴ ብቻውን ቀረ፤ የአያ ደር ደግሞ ታች በዚያው መስመር ላይ ናት። ከበላችው ሥራዬ ሁሉ ገደል ገባ፤ አያ እዚያው ይቀራሉ፣ ክረምቱም ጉሙም ተመልሶ ይመጣል። አውቄ ነው ያደረግኩት።

አያ ደራቸውን ዳሰሱ። ከእሷ ተነስተው መስመሩን እየዳበሱ ወደ ላይ ወጡና ፈረሴን አገኙት። ዙሪያውን ነካኩ፤ ጠባቂ የለም። ጣታቸው የፈረሴ ራስ ላይ ቆየ። ጨዋታው የማይገባት እናቴ አንዴ እጃቸውን፣ አንዴ የእኔን ፊት ታያለች። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ጨርቁ ዳር ላይ የነበረች፣ ለምንም የማትረባ አንዲት መደቃቸውን ገፉ።

"ያንቺ ተራ ነው" አሉ።

መደቄን ገፋሁ። ያዝኩዎት ማለት አቃተኝ። እናቴ ማን አሸነፈ ብላ ጠየቀች።

"ልጅሽ። በመደቅ" አሉ አያ። "ዕቃዬን ሸክፊ።"

በማግሥቱ ማኪና ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጎንደርን አልፈን ሜዳው ሲመጣ፣ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲገርፋቸው፣ ጋቢያቸውን አወለቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "በደርሽ ይዘሽኝ ቢሆን፣ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን ተመልሼ እወጣ ነበር" አሉኝ። ኮላ ድባ ላይ ኖረው ኮላ ድባ ላይ ተቀበሩ። እንጫወት ያላቸውን ሁሉ ጨርሻለሁ እያሉ ይመልሱት ነበር።

አሁን እኔም የእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ብሏል፤ ልጆቼም እኔ ስገባ ወሬ ማቋረጥ ጀምረዋል። ምን እንደሚመካከሩ አላጣሁትም፤ ከቤቴ ሊያነሱኝ ነው፤ ምናልባትም እውነት አላቸው። አንድ ቀን ቀጥ ብለው ይመጡብኛል። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ እጁን ደሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ቢያነሳልኝ፣ ፈረሱን ባዶውን ትቶ ቢጠብቀኝ፣ እኔም የዳሯን መደቅ እገፋለሁ።