አሥር ዓይን ያላት ፊደል

ከዋይትሆል ሰፈር በየሐሙሱ በመኪናዬ ወደ ዓይን ክሊኒክ የማደርሳቸው ነጭ ሽማግሌ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የሱፍ ሰደርያቸውን አያወልቁም። ጭናቸው ላይ የአንዲት ጥንታዊ የስላቭ ፊደል ፎቶ አለ፤ የሱራፌልን ብዙ ዓይን ለማሳየት ጸሐፊው በዓይን የሞላት።

"ብራናው ላይ ዓይኗ አሥር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቧት ሰባት አደረጉት" ይሉኛል ከማስካቸው ሥር፣ ልጃቸው የተበደለች ያህል። እንዲታረም ስንት ደብዳቤ እንደጻፉ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ይናገራል።

ባለፈው ሐሙስ ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ ፊደሏ የምትታይበትን ስልካቸውን አቀበሉኝ።

"አርመናታል አሉኝ። እስቲ ቁጠርልኝ።"

ቆጠርኩ። "አሥር ናቸው ጋሼ" አልኳቸው፤ ጋሼ ማለቴን ለምደውታል።

"እሷስ ዳነች" አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በሩ ድረስ ክንዴን ይዘው ሄዱ።